ሐርላ ስትሄዱ ዶቃ አትግዙ

ድሬዳዋ ተወልጄ አድጌ ሐርላን፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ያለበትን መንደር፣ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ ቦታ ያሳፍራል። መንገዱ ምንም አያስቸግርም፤ ጓደኛዬ መኪና አለው፣ ውሃ ያዝን፣ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ወጣን።

ከመሄዴ በፊት ግን ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ቢሮ ጎራ አልኩ። ደብዳቤ ወይ አስጎብኚ ያስፈልገኛል? ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ድንጋይ እኮ ነው፣ ዝም ብለህ ሂድ» አለኝ። ሰማሁት። እስካሁን ያናድደኛል፤ እሱም፣ እሱን የሰማሁት እኔም።

የቆመ ግንብ አትጠብቁ። ያለው የፈረሰ ግድግዳና ከማሳው መሃል ብቅ ያለ ካብ ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ከተማ የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይላል፤ የድንጋዮቹን መጠን ስታዩ ለምን እንዲህ እንደሚሉ ይገባችኋል። ቁፋሮው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ አውጥቷል፤ ዜናው የተሰማው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከቻይና፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር የመጣ ዕቃ፣ የግብፅ ሳንቲም ሁሉ ተገኝቷል። እኛ ድሬዎች ንግድ ከባቡሩ ጋር የመጣ እየመሰለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ባቡሩ ከመምጣቱ 700 ዓመት ገደማ በፊት ከባሕር ማዶ ጋር ይነግዱ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ቆሜ አንድ ልጅ መጥቶ መዳፉን ዘረጋልኝ። ሰማያዊ ዶቃ። ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ቀዳዳዋን አፈር ደፍኖታል። ሃያ ብር አለኝ፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሃምሳ ሰጠሁት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሌሎች ሦስት ልጆች መጥተው የካቡን ሥር በእንጨት ይጭሩ ጀመር። በእኔ ሃምሳ ብር! ተው ብላቸውም ማን ይሰማኛል።

አንድ አባት ከማሳቸው መጡ። ልጆቹን በተኗቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ። «መጀመሪያ እኛን ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» ነው ያሉት። አለመቆጣታቸው ባሰብኝ።

ስለዚህ ቢሮ ምንም ቢላችሁ፣ ድንጋዩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት የመንደሩን ሰው አግኙ፤ ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከቁፋሮው የወጡ ዕቃዎች የሚታዩበት፣ ነዋሪው ራሱ የሚያስተዳድረው ቤት አለ። ብር መስጠት ከፈለጋችሁ እዚያ ክፈሉ። ለልጅ እጅ ግን አትስጡ። ዶቃ ዕድሜዋ በደንብ የሚታወቀው ከየትኛው አፈር፣ ከምን ጋር እንደወጣች ሲታይ ነው፤ ተጭራ ከወጣች በኋላ ታሪኳን በቅጡ ማንበብ ይከብዳል።

ዶቃዋን ለአባትየው ሰጠኋቸው። ልጁን ጠርተው የት እንዳገኛት ጠየቁት። ልጁ እጁን ዘርግቶ ከማሳው እስከ ተራራው ድረስ ያለውን ሁሉ አሳየን።