በቀዳም ሹር የጠፉት 16 ማሽኖች

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ፋሲካ አልፎታል። ትዝ ሲለኝ አሁንም ያንገበግበኛል።

ክላስተራችን፣ አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ ማለት ነው፣ ትንሽ ናት፤ 16 ኖድ፣ ማለትም 16 ማሽን። የሥራውን ወረፋ የሚያስተዳድረው ስለርም የሚባል ሶፍትዌር ነው። ሁልጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ስክሪፕት፣ ትእዛዞች የተጻፉበት ትንሽ ፕሮግራም፣ ይነሳል። «ሲንፎ» በሚባለው የስለርም ትእዛዝ የማሽኖቹን ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ከኖድ01 እስከ ኖድ16 እያንዳንዱን ስም «ግሬፕ» በሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ ይፈልጋል። ያጣውን «ጠፍቷል» ብሎ፣ ዝርዝሩንም ከስር ለጥፎ ለኃላፊያችን በኢሜይል ይልካል።

ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለወራት ያለ እንከን ሠርቷል። ኃላፊያችንን የሚያበሳጫቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዳንዱ ማሽን ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይወጣል። «ሲንፎ»ን ሰረዝና ካፒታል ኤን (-N) ጨምራችሁ ስትጠሩት በየመስመሩ አንድ ኖድ ያወጣል። ኖዱ ሁለት ፓርቲሽን፣ ማለትም ሁለት የማሽን ምድብ፣ ውስጥ ካለ ደግሞ ሁለቴ ይመጣል። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለበዓል ቦርሳውን ሲያነሳ፣ «ይሄ ድግግሞሽ ይጥፋልኝ» አሉኝ። ኤኗን አጠፋኋት። ዝርዝሩ አጠረ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ዓርብ ስቅለት ስለነበር ኢሜይል የከፈተ የለም። ቀዳም ሹር ጠዋት ኃላፊያችን ደወሉ። «16ቱም ጠፍቷል ይላል!» የማሽን ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሼ ቀድመው ተጠርተው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄደዋል። እኔም ከቤት ሆኜ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ መብራት ሄዷል እንዴ?»

«መብራት አለ። ማሽኖቹም አሉ።»

«ስክሪፕቱ ግን አንዱንም አላገኘም።»

«ልጄ፣ እጄን ከጀርባቸው አድርጌ ቆሜያለሁ። ሙቀት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱማ ያቃጥላሉ።»

«እንግዲያው ኔትወርኩ ነው። ሁሉንም አጥፍተው ያብሯቸው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አላደርገውም» አሉኝ። «ሥራ ላይ ያለ ነገር በእጄ አላጠፋም። መጥተህ እይ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፤ እጃቸውን ማሽኑ ላይ ካደረጉት ሰው ይልቅ ያመንኩት ኢሜይሉን ነበር። ለእሳቸው ስለ ክላስተር ምን ይገባቸዋል ብያለሁ፣ በልቤ።

ስደርስ ጋሼ ቄጤማውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አክፍለዋል፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። ቀና ብለው አዩኝና ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ሲንፎ» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት መስመር ወጣ። አንዱ ላይ «አሎክ፣ ኖድ[01-06]» ይላል፤ ሥራ ይዘዋል ማለት ነው። ሌላው ላይ «አይድል፣ ኖድ[07-16]»፤ ሥራ ፈተው ይጠብቃሉ ማለት ነው። አንድም ማሽን አልጠፋም።

ስለርም የተጀመረው በአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ ኖድ የሚቆጠረው በሺህ ነው፤ አንድ በአንድ ቢዘረዘር ማን ያነበዋል? ስለዚህ ያለ ኤኗ ሲጠራ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉትን በቅንፍ ይጠቀልላቸዋል። ለዓይን ጥሩ ነው። «ግሬፕ» ግን ቅንፍ አይፈታም። «ኖድ03» ካላችሁት ፊደል በፊደል «ኖድ03»ን ይፈልጋል። እዚያ ያለው «ኖድ[01-06]» ነው። አላገኘም። ማሽኖቹ በእርግጥ መልስ መስጠት አቁመው ቢሆን ኖሮ ስለርም ራሱ ከሁኔታቸው ጎን ኮከብ ያደርግ ነበር። ኮከብ አልነበረም። ይህን ከቤቴ ሆኜ በአንድ ደቂቃ ማየት እችል ነበር።

ስድስቱ ላይ ይሠራ የነበረው የአንዲት ተማሪ የክረምት ዝናብ ሞዴል ነው። አራተኛ ቀኑን ይዟል። መሃል ላይ ውጤት እንዲያስቀምጥ አላዘዘችውም ነበር። ጋሼ እሺ ቢሉኝ ኖሮ የአራት ቀን ሥራዋ አፈር በልቶ ነበር።

ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን «በበዓሉ የተፈጠረው የቴክኒክ ክፍል ችግር ተፈቷል» ብለው አስመዘገቡ። የቴክኒክ ክፍል ማለት ጋሼ ናቸው። እጄን አውጥቼ ችግሩ የስክሪፕቱ፣ ስክሪፕቱም የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። «እሱ ዝርዝር ጉዳይ ነው» ተብሎ ታለፈ። ቃለ ጉባኤው ዛሬም እንደዚያው ነው። አክፍለው የመጡ ሰው፣ የሰው ልፋት ያዳኑ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት እንደ ጥፋተኛ ነው።

ኤኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ድግግሞሹን መስመሮችን ደርድሮ ተደጋጋሚውን በሚያስቀረው ትእዛዝ፣ በ«ሶርት» ሰረዝ ዩ፣ አጠፋሁት፤ መጀመሪያም መሆን የነበረበት እንዲያ ነው። «ጠፍቷል» የሚለውንም ቃል አወጣሁት። አሁን ስክሪፕቱ ያጣውን «አላገኘሁትም፤ ሄዳችሁ እዩ» ነው የሚለው።

አትሜ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከማጥፋታችሁ በፊት ጋሼን ጠይቁ ብለህ ጨምርበት» አሉኝ።

ጨመርኩበት።