ቀለህ መልሶ ስለመሙላት

አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የሽጉጥ ጥይት በቤቱ መሙላት ከጀመረ ወዲህ፣ እኔም አዳማ ሆኜ ስለ ሙያው ማንበብ ይዣለሁ። እዚያ ሰው ለራሱ ብቻ ለሚሞላው ጥይት የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ያስፈልገዋል። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ እንኳ ስለሚያስቀጣ፣ የእኔ ድርሻ ከንባብ አያልፍም።

ባሩዱ ተቃጥሎ እርሳሱ (አረሩ) ከሄደ በኋላ የሚቀረው የናስ ቀለህ፣ ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ ደጋግሞ የሚያገለግለው እርሱ ብቻ ነው። (አያቶቻችን ጥይትን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት እንደነበር ላስታወሰ፣ ቀለህ መልቀም አያስገርምም።) በተኩስ ግፊት የሰፋው ቀለህ ይጸዳል፣ ስንጥቅ እንደሌለው ይታያል፣ በማተሚያ (ቀለሁን በኃይል በሚጫን መሣሪያ) ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ቀጥሎም ቂጡ ላይ ያለችው የተመታች ማቀጣጠያ በአዲስ ትተካለች።

ከባዱ ነገር ባሩዱ ነው። የሽጉጥ ባሩድ ብዙ ጊዜ የቀለሁን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ፣ ሐሳቡ የተበተነ ሰው አንዱን ቀለህ ሁለቴ ቢሞላው ሳይፈስ ሊገባለት ይችላል፤ ያ ጥይት ሲተኮስ ደግሞ ሽጉጡን ከነእጁ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ ከማተሚያው በፊት የባሩድ አምራቹን የመጠን መመሪያ መግዛት፣ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር፣ እርሳሱን ከመግጠሙም በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ማየት አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራው ቀርፋፋ ማተሚያ ለጀማሪ ከፈጣኑ ይሻላል የምለውም ለዚሁ ነው። እርሳስ መርዝ በመሆኑ፣ በሥራው ጠረጴዛ ላይ ምግብም ሆነ ቡና አይቀርብም።