የተቋረጠው መዝገብ

በሥራ መቀበያ ቅጹ ላይ የሰፈረው ቅሬታ አጭር ነበር፦ «ሲሞቅ ይንገጫገጫል፤ አንዳንዴም በራሱ ይጠፋል።» ጋራዥ ውስጥ ስትመረመር ግን መኪናዋ ምንም እንከን አይገኝባትም። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞረው ዝቅተኛ ዙር፣ የተረጋጋ ነው፤ የብልሽት ኮድ አልተመዘገበባትም፤ ባትሪው ላይ ሲለካ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት ገደማ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ጠንክሮ ያስነሳል። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ካንዴላዎቹ፣ የነዳጅ ፊልትሮውና የነዳጅ ፓምፑ ተቀይረዋል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ባለንብረቱ ጤነኛ ዕቃ እያስወለቀ ገንዘቡን ሲያፈስስ ማየት ለባለሙያ ከባድ ነው።

መኪናዋ የምትታመመው መንገድ ላይ ከሆነ መርማሪውም አብሯት መንገድ መውጣት አለበት። ስለዚህ በትርፍ ጊዜዬ የሠራሁትን ትንሽ ኮምፒውተር እንድገጥምባት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ዋናው መካኒክም ባለንብረቱም ተስማሙ።

የኮምፒውተሩ አካል እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከመሪው በታች ካለው ባለ 16 እግር መመርመሪያ ሶኬት ጋር በማገናኛ ተያያዘ። ይህ ኦቢዲ 2 የሚባለው ሶኬት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል መኪናዎች ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ በእሱ በኩል የሞተሩን ዙር፣ የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት፣ የሚገባውን አየርና የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ (የሞተሩ መቆጣጠሪያ ነዳጁን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ) በየሰከንዱ መጠየቅ ይቻላል። ሰሌዳው የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌለው መብራት በተቋረጠ ቁጥር ጊዜው ይዛባል። በዚህ ምክንያት ሰዓት የሚጠብቅ ትንሽ አካል ጨመርሁበት። እያንዳንዱ መስመር እንደተነበበ ወዲያውኑ ካርዱ ላይ እንዲጻፍም አደረግሁ።

በእንዲህ ያለ ሥራ የሚያደክመው ፕሮግራሙ አይደለም፤ ኃይሉ ነው። ሰሌዳው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ግን ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። የገጠምሁት ቮልት መቀነሻ ደግሞ የሚገባው ከ9 ሲያንስ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ሞተር በሚነሳበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና እንደሚነሳ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ኃይሉን ሁልጊዜ ሕይወት ካለው የሶኬቱ እግር ያልወሰድሁት መኪናዋ ቆማ በምታድርበት ጊዜ ባትሪውን እንዳይጨርስ ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር ወሰድሁ።

ሹፌሩ በተለመደው ሥራው ላይ ሆኖ ሞተሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ሰዓቱን በወረቀት እንዲይዝ ለመንነው። በጥንቃቄ ያዘልን። ያለ እሱ ማስታወሻ ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ባልሆነም ነበር።

መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የነዳጅ ማስተካከያውን ነው። ሚኒሞ ላይም፣ ዳገት ላይ በሙሉ ጭነትም ከዜሮ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው የሚርቀው። አየር በስንጥቅ እየገባ ቢሆን ኖሮ ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ይቀንስ ነበር፤ የነዳጅ ፓምፑ ቢደክም ደግሞ ጭነት ሲበዛ ይጨምር ነበር። ሁለቱም የሉም። ነዳጁ ነጻ ወጣ።

ነገር ግን መዝገቡ በየቦታው ይቋረጣል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠፋና ከዚያ ይቀጥላል። የሥራ ባልደረባዬ ማያ ገጹን አይቶ «የታመመው መሣሪያህ ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪ ጨምርለትና መኪናዋ እንደገና ትውጣ» አለኝ። ምክሩ ምክንያታዊ ነበር። ዋናው መካኒክ ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ቆይ ልጄ፣ እንዳትነካው። መጀመሪያ የተቋረጠበትን ቦታ አሳየኝ» አሉ።

ሞተር ሲነሳ የመጡትን ክፍተቶች ለይቼ አወጣሁ። የቀሩት ሞተሩ እየሠራ ሳለ የተፈጠሩ ናቸው። ዙራቸው አይመሳሰልም፤ ፍጥነታቸውም አይመሳሰልም። ከእያንዳንዱ ክፍተት በፊት ያለው የመጨረሻ መስመር ግን የውኃውን ሙቀት 96 ወይም 97 ዲግሪ ያሳያል። የሹፌሩ ሰዓቶችም በእነዚሁ ክፍተቶች ላይ ያርፋሉ።

«በዚህ ሙቀት የሚነሳው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የራዲያተሩ ማራገቢያ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው አጭር ሆነ። መብራቱንና የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍተን፣ ሞተሩ ሞቆ ማራገቢያው እየዞረ፣ የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ አደረግን። በጤነኛ መኪና ይህ ልዩነት ከ0.2 ቮልት ብዙም አይዘልም። እኛ ያነበብነው ከ2 በላይ ነው፤ ማራገቢያው በሚነሳባት ቅጽበትማ ቁጥሩ መለኪያው ሊከተለው እስከማይችል ድረስ ይዘላል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከተነሳ በኋላ ሲዞር ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ የሚመለሰው ደግሞ ቦዲውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ገመድ በኩል ነው። ገመዱ ሲፈታ ከሽፋኑ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ ቡሎኑም ላልቷል።

ባትሪው ላይ የተለካው ሁሉ ጤነኛ የመሰለው ልኬቱ ይህን ገመድ ስለማያልፍ ነው። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክም ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ባትሪው ስለሚመለስ አስነሺው ጠንካራ ነበር። የሞተሩ መቆጣጠሪያና የእኔ ኮምፒውተር ግን ሁለቱም ቦዲው ላይ የታሰሩ ናቸው፣ ኤሌክትሪካቸውም የሚመለሰው በዚሁ ገመድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲንገጫገጭ ሌላው ይጠፋል። መጠባበቂያ ባትሪውን ቀድመን ጨምረን ቢሆን ኖሮ በሰከንድ አንዴ የሚነበብ፣ ያልተቋረጠ ያማረ መዝገብ እናገኝ ነበር፤ የብልሽቱ ምልክት ግን በውስጡ አይኖርም። እኔ ከዚያ ወዲህ የጎደለ መስመር ሳይ እንደ ንባብ እቆጥረዋለሁ፤ የት እንደጎደለ ሳላውቅ አልሞላውም።

አዲስ ገመድ ገባ፣ ማሰሪያው ቦታ ቀለሙ እስኪለቅ ተፍቆ በደንብ ተጠበቀ፣ ልዩነቱም ከ0.1 ቮልት በታች ወረደ። መኪናዋ ያንኑ ኮምፒውተር ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ መዝገቡ ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው የተቋረጠው። መጠባበቂያ ባትሪውን የገጠምሁት ከዚህ በኋላ ነው። አብሮም ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ቮልት በፍጥነት ደጋግሞ እየለካ፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ዝቅተኛውን ቁጥር የሚጽፍ ትንሽ ሰርኪዩት ጨምሬበታለሁ። አሁን መዝገቡ ውስጥ ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚነበበው ዓምድ እሱ ነው።