ጭነቱ ሲበዛ የሚወርድ ግራፍ

የመሥሪያ ቤታችንን ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ የኔትወርክ ዕቃዎች) ትራፊክ ፕሮሜቲየስ በሚባለው የመከታተያ ፕሮግራም መከታተል ስንጀምር ይህን የነገረን ሰው ቢኖር ከስንት ጭቅጭቅ በዳንን ነበር። ተከላው አያስቸግርም። ኤስኤንኤምፒ ኤክስፖርተር ስዊቹን በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃዎች ንባባቸውን በሚጠየቁበት ፕሮቶኮል) ይጠይቃል፣ ፕሮሜቲየስ በየደቂቃው ይሰበስባል፣ ግራፋና ግራፉን ይስላል። ስዊቹ የሚቆጥረው በባይት ስለሆነ ወደ ቢት ለመቀየር በ8 ማባዛት ነው።

ያስመረረን ሌላ ነው። ማታ ባክአፕ ሲጀምር የ1 ጊጋቢቱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ግራፍ ሽቅብ ይወጣል፤ ጭነቱ ሲበረታ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። በማየት ፈቃዴ ስዊቹ ላይ ገብቼ ያንኑ ፖርት ስመለከት በሰከንድ ከ900 ሜጋቢት በላይ ይላል፤ ግራፉ 300 እንኳ አይሞላም። ስዊቾቹን የተከለው ድርጅት «ኬብላችሁ ነው፣ ይቀየር» አለ። ግዥ ክፍልም አምኖት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ጀመረ። አንዳቸውም ቁጭ ብለው አላሰሉም።

ስሌቱ ግን ግልጽ ነው። የድሮው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ባይት ሲደርስ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ከዜሮ ይጀምራል። በሙሉ 1 ጊጋቢት ፍጥነት ይህ 34 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል። ፕሮሜቲየስ ቁጥሩ አንሶ ሲያገኘው ስዊቹ ጠፍቶ የበራ ይመስለዋል፤ ካለፈው ንባብ ወዲህ ቆጣሪው ከዜሮ እስኪጀምር ድረስ ያለፈው ሁሉ ሳይቆጠር ይቀራል። በደቂቃ አንዴ እየጠየቁ በዚህ ቆጣሪ ከ573 ሜጋቢት በላይ ማየት ከቶ አይቻልም።

መፍትሔው ባለ 64 ቢቶቹ ቆጣሪዎች፣ ኢፍኤችሲኢንኦክቴትስ (ለገቢው) እና ኢፍኤችሲአውትኦክቴትስ (ለወጪው) ናቸው። ድርጅቱ የከፈተልን ግን የኤስኤንኤምፒን ስሪት 1 ብቻ ነበር፤ ስሪት 1 ደግሞ የ64 ቢት ቆጣሪ አያስተላልፍም። ወደ ስሪት 2ሲ መቀየር የጥቂት መስመር ሥራ ነው። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በእጃቸው ስለነበር ለዚያች ለውጥ «ደብዳቤ አስገቡ» ተባልን። ይህ እስካሁን ያናድደኛል፤ በገንዘባችን የገዛነው ዕቃ ነው።

የደኅንነት መመሪያዎች ከስሪት 3 በታች አትጠቀሙ ይላሉ። ከግቢ ለሚወጣ መስመር እስማማለሁ። ለውስጥ ኔትወርክ ግን 2ሲ ይበቃል ባይ ነኝ፦ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ፣ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው «ፐብሊክ» የሚለው የተለመደ ስም የተቀየረ፣ ከመከታተያው ሰርቨር በቀር ለማንም የማይመልስ ከሆነ። ፖርቶቹንም በስማቸው እንጂ ስዊቹ ለየፖርቱ በሚሰጠው የኢፍኢንዴክስ ቁጥር አትያዙ፤ ስዊቹ ሲነሳ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል።

ርክክብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አይፐርፍ3 በሚባለው የፍጥነት መሞከሪያ ፕሮግራም መስመሩን ሞልታችሁ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ግራፉንና የስዊቹን ንባብ ጎን ለጎን እዩ። ካልተመሳሰሉ አትፈርሙ። የአስተዳዳሪውንም ፓስወርድ በዚያው ዕለት ተረከቡ።