ባጂዎቼ ጎመን መብላት ጀመሩ

ወፍ የምታረቡ ጓደኞቼ ስለ ባጂዎቹ፣ ስለ ትንንሾቹ በቀቀኖቼ፣ ስትጠይቁኝ ከርማችኋልና የደረስንበትን ላካፍላችሁ። ስገዛቸው ከዳጉሳና ከኑግ ሌላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዳጉሳ ክፋት የለውም። ኑግ ግን ከ30 በመቶ በላይ ዘይት ነው፤ ሽቦ ቤት ውስጥ ለምትውል ወፍ ሲበዛ ጉበቷን ስብ ያደርገዋል። እንደነዚህ ያለ የእህል ጥሬ ብቻ የሚበላ በቀቀን ደግሞ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያጥረዋል።

የተዘጋጀ የበቀቀን መኖ እዚህ ጎንደር አላገኘሁም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ቅዳሜ ገበያ አዞርኩ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ቃሪያ። ቆስጣም ይበላሉ፤ ካልሲየሙን ስለሚይዝባቸው ግን አላበዛውም።

የተከተፈ ጎመን ሳቀርብላቸው ጥግ ይዘው ተፋጠጡ። ከዚያ ሙሉውን ቅጠል ውሃ አርከፍክፌ በልብስ መቆንጠጫ ሽቦው ላይ አንጠለጠልኩት። ሴቷ መጥታ ቅጠሉ ላይ ተሻሸች። ለካ ገላዋን እየታጠበች ነው! ላባዋን አራግፋ ስታበቃ ጫፉን ነከስ አደረገች። ወንዱም እሷን አይቶ ተከተለ። አሁን ጠዋት አረንጓዴ፣ ከሰዓት ጥሬ ሆኗል። ጥሬውን በአንዴ መከልከል ግን አይሞከርም። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ብትመዝን ነው፤ ሳትበላ ከዋለች ቶሎ ትዳከማለች። እኔ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንኩ ነው የማስለምዳቸው።

ቃሪያው ግን ጉድ ነው። ሰንጥቄ ስሰጣቸው እናቴ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አቃጠልሻቸው!» ብላ ተነሳች። ወንዱ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀመ ቅርፊቱን ይተፋል፣ እንባ የለ፣ ማንጠስ የለ። ቃሪያን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር እኛን እንጂ ወፍን አያቃጥልም። የቀላው ቃሪያ ደግሞ ከአረንጓዴው ይልቅ ለቫይታሚን ኤ ይበጃል።

ዳጉሳውንም አበቅለዋለሁ። ብቅል ለጎንደር ሰው አይነገርም፤ ልዩነቱ ለወፍ ነጩ ጫፍ ብቅ እንዳለ መሰጠቱ ነው። ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ይጠለላል፣ ደጋግሞ ይታጠባል። ከሸተተ ይደፋል። በክረምት ሻጋታው ስለሚያስቸግር ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የማበቅለው።

ራስ ምታት የሚሆኑብኝ ቤት የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ቡና ሲፈላ ሁሉም ይራራላቸዋል። አንዱ ጨው ያለው ፈንዲሻ፣ ሌላው በወጥ የራሰ እንጀራ ያቀብላል። ሽንኩርት ይጎዳቸዋል፣ ቡናና ቸኮሌት መርዝ ነው፣ አቮካዶማ ሊገድላቸው ይችላል። የዕጣኑ ጭስም ለሳንባቸው አይሆንም፤ ከሰል ሲቀጣጠል ወደ ጓዳ አዛውራቸዋለሁ። አንዲት ጎረቤታችን «ለወፍ ብለሽ ዕጣን ልታስቀሪብን ነው?» ብለው ተቆጥተውኛል።

ዱባ ግን እስካሁን እምቢ ብለዋል። ቀቀልኩት፣ ፈቀፈቅኩት፣ ከዳጉሳ ጋር ለወስኩት። ፍሬውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ያስለመዳችሁ ካላችሁ ዘዴውን ወዲህ በሉኝ፤ እስከዚያ በካሮት እንገፋለን።