አሌብሪሄ በሦስት ቀን፦ የሜክሲኮ የወረቀት ባለሙያ ክፍል ሲገባ

ከሜክሲኮ ሲቲ የሄደ ካርቶኔሮ፣ ማለትም ከወረቀትና ከዱቄት ሙጫ ቅርጽ የሚያበጅ ባለሙያ፣ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ሲጋበዝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሰጠው ለልጆቹ የሚተርፋቸው ቀለም መቀባቱ ነው። ቀለም ደግሞ የሙያው መጨረሻ እንጂ ሙያው አይደለም። ሙያው ወረቀት መደራረብና በትዕግሥት ማድረቅ ነው። ስለዚህ አሌብሪሄ የሚባለውን የወረቀት ፍጡር ለመሥራት ሦስት ቀን ይመደብ፤ ቀኖቹ ባይከታተሉ ይመረጣል፤ በመካከል ሥራው ይደርቃል። ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ አሌብሪሄ ይቅርና በፑዌብላ ግዛት የሳን ሳልቫዶር ኡይስኮሎትላ ባለሙያዎች የሚታወቁበት ባለ ቀዳዳ ጌጥ ወረቀት ይሠራ። እነሱ ብዙ ወረቀት ደራርበው በመሮ ነው የሚበሱት፤ ልጆች ግን ስስ ወረቀት አጥፈው በመቀስ ቢቆርጡ ይበቃቸዋል፤ የሚደርቅ ነገርም የለውም።

አሌብሪሄ የሚባለው ከብዙ እንስሳት የተዋቀረ ፍጡር ነው። የመጀመሪያዎቹን የሠራው የሜክሲኮ ሲቲው ፔድሮ ሊናሬስ ነው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ታሞ ተኝቶ ሳለ በሕልሙ ክንፍ ያለው አህያ፣ የበሬ ቀንድ ያወጣ ዶሮና የንስር ራስ ያለው አንበሳ እንዳየ ይነገራል። ከዚያ በፊትም ሙያው በእጁ ነበር፤ በቀዳም ሥዑር የሚቃጠሉትን የይሁዳ ምስሎች ይሠራ ነበር። በኦዋሃካ ከኮፓል እንጨት የሚጠረቡት የታወቁ ቅርጾች በዚሁ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው። ለልጆቹ ይህ ልዩነት ይነገራቸው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ ሁለቱንም ባለሙያዎች መበደል ነው።

ካርቶኔሮዎች አጽሙን የሚያበጁት ከሸምበቆና ከሽቦ ነው። ሸምበቆውን ግን ከአገር ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ በብዙ አገሮች ድንበር ላይ ጥሬ የዕፅዋት ነገር ይያዛል። ጋዜጣ ጨምድዶ በወረቀት ፕላስተር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ለክፍል ይበቃል፤ እግርና ቀንድ ቀጭን ሽቦ ይግባባቸው፣ የሽቦው ጫፍም ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ፊኛ እንደ ሆድ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፊኛው ይኮማተርና ገና ያልደረቀው ወረቀት አብሮ ይጨማደዳል። አጽሙ ሙጫ ሳይነካው በፊት ጠረጴዛ ላይ ራሱን ችሎ ይቁም። ያኔ የተንገዳገደ በኋላም ይወድቃል፤ እርጥብ ወረቀት ክብደት ይጨምራል እንጂ አያቃናም።

ሙጫው በስፓኒሽ ኤንግሩዶ ይባላል። 1 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥ፤ ከዚያ 4 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ቀስ ብሎ ይጨመር፤ እንደ አጥሚት ወፍሮ ነጭነቱ እስኪደበዝዝ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይብሰል። ደረቅ ዱቄት በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ ጓሉ ወረቀቱ ሥር ገብቶ ኪንታሮት ይመስላል። ያልበሰለ ሙጫ ደግሞ ሲደርቅ ይፈረፈራል። የስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ካለ ለክፍሉ በሙሉ በበቆሎ ስታርች ይሠራ። ሙጫው ቀዝቅዞ ነው ለልጆች የሚታደለው፤ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከሸተተ ይደፋ።

ወረቀቱ በእጅ ይቀደዳል እንጂ በመቀስ አይቆረጥም። የተቀደደ ጠርዝ ስስ ጭረት ስላለው ከሥሩ ካለው ወረቀት ጋር ይዋሃዳል፤ በመቀስ የተቆረጠው ግን ቀለም ከተቀባ በኋላም መስመሩ ይታያል። ጋዜጣ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው ይጠማዘዛል፤ ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሞክረው ይድረሱበት። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ሙጫ ስለማይመጥ አይሆንም።

አሁን የባለሙያውን እጅ ማየት ነው። ቁራጩን ሙጫ ውስጥ ነክሮ በሁለት ጣቶቹ መካከል ይስበዋል፤ ትርፉ ወደ ሳህኑ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ወረቀቱ ገላው ላይ ሲያርፍ በአውራ ጣቱ ከመካከል ወደ ዳር ይገፋዋል፤ አየር ከታሰረ ሲደርቅ እዚያው ያብጣል። ክንፍና ቀንድ በሚገናኙበት ቦታ ቁራጮቹ እንደ ፋሻ እየተሻገሩ ይጠመጠማሉ። ይህን ተርጓሚ እየደጋገመ ባያስረዳው ይሻላል። ባለሙያው ዝም ብሎ ሦስት ጊዜ ያሳይ፤ ልጆቹ ከቃል ይልቅ ከእጅ ይማራሉ።

የመጀመሪያው ንብርብር ጋዜጣ፣ ሁለተኛው ካኪ ወረቀት፣ ሦስተኛው እንደገና ጋዜጣ ይሁን፤ መልኩ ስለሚለያይ ያልተሸፈነው ቦታ ወዲያው ይታያል። በጠቅላላው 4 ንብርብር በቂ ነው፣ በአንድ ቀን ግን ከ2 አይለፍ። አራቱንም በአንዴ የለበሰ ቅርጽ ውጪው ደርቆ ውስጡ ይረጥባል፣ ከቀናት በኋላም ይሻግታል። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ እርጥበት ባለበት አገር 48 ሰዓት፣ እየተገላበጠ አየር ያግኝ። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭ ላይ ማስነካት ነው፤ ከቀዘቀዘ ውሃው ገና እየተነነ ነው። የደረቀው በጥፍር ሲመታ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል።

በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ያለ እሱ የጋዜጣው ጽሑፍ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ከዚያ ደማቅ መደብ፣ እሱ ሲደርቅ ነጥብና መስመር። ነጥቡን በእርሳስ ቂጥ ማተም ከብሩሽ ይልቅ ያምራል። ማንም ልጅ ስዕል አይቶ እንዲገለብጥ አይታዘዝ፤ ሦስት እንስሳት ይምረጥ፣ የማን እግር፣ የማን ቆዳ፣ የማን ክንፍ እንደሆነ ራሱ ይወስን።

ባለሙያው ከአገሩ የሚያመጣቸው ናሙናዎች ካሉ ያለቀው አሌብሪሄ ብቻ አይሁን፤ አንዱ በመጋዝ ለሁለት የተከፈለ ይሁንና ልጆቹ ንብርብሩን በዓይናቸው ይቁጠሩት። የባለሙያው ክፍያና የዕቃ ወጪው ለየብቻ ይያዝ። ቤት የደረሰ ቅርጽ ቀንዱ ቢሰበር መጣል የለበትም፤ ሁለት ቁራጭ ወረቀት፣ ትንሽ ሙጫና የአንድ ቀን ማድረቂያ ያድነዋል።