ንቦቹ ያተረፉት ደብር

ጎንደር የገባሁት ከመሸ ነው። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነው ያለፍሁት። ያንን እንቅልፍ ሌሊቱ አስመለሰኝ። ከመስኮቴ ሥር ሠርግ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ ዐሥር ሰዓት አልተዘጋም። «ጠዋት ይመጣል» የተባለው ውኃም ጠዋት ስላልመጣ ፊቴን በታሸገ ውኃ ታጥቤ ወጣሁ።

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለመሄድ ባጃጅ 200 ብር ተጠየቅሁ። አዲስ አበባ ላይ ለ5 ብር ጭማሪ ከታክሲ ረዳት ጋር የምሟገት ሰው፣ እዚህ ልጁ «ጋሼ፣ ዳገት ነው እኮ» ሲለኝ ዝም ብዬ ከፈልሁ። ዳገቱ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ እንኳ አይሞላም።

በሩ ላይ ጧፍ የሚሸጡ እናት ዓይኔ መቅላቱን አይተው ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝ፤ ገንዘብ ስዘረጋ ተቆጡ። ታሪኩንም ሳልጠይቃቸው ጀመሩት። «ልጄ፣ ደርቡሽ ጎንደርን እያቃጠለ እዚህ ሲደርስ ንብ ወጣበት። ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ በሩ ላይ ቆመ።»

ውስጥ ገብቼ ጣሪያውን ሳይ ነገሩን ለማመን ቀረብሁ። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በወራጆቹ መካከል ተደርድረዋል። ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀረብ ብለው ሲያዩአቸው ግን አንዱ ቅንድቡን ከፍ አድርጓል፣ ሌላው አፉን ገጥሟል፣ የሁሉም ዓይን ትልልቅና ንቁ ነው። ልቆጥራቸው ጀምሬ አንገቴ ሲደክም ተውሁት።

ደርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ በእርግጥ መጥቷል። በጥር 1880 ዓ.ም. የአዝማቹ የአቡ አንጃ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ በዚያ ወቅት ፊታቸውን ወደ ጣልያን አዙረው ነበር። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881፣ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠራው ይህ ደብር ግን ከእሳቱ ተረፈ። ለንቦቹ ታሪክ ብዙ አልከራከርም፤ የተነካ የንብ መንጋ ሰውንም ፈረስንም እንደሚበትን ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ከደርቡሽ ሃያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1859፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ይህችን ከተማ አዘርፈው አቃጥለዋታል። ከአድባራቱ የተጋዙት መጻሕፍት መቅደላ ደረሱ፤ በ1860 ደግሞ እንግሊዞች ዘረፏቸው። ይህን በሩ ላይ የነገረኝ የለም።

ግቢው ውስጥ ያገኘኋቸውን መሪጌታ «ቴዎድሮስ ሲመጡስ ንቦቹ የት ነበሩ?» አልኋቸው።

ሳቁ። «ለወንድም ንብ አይላክም።»

«ቤቱ ለተቃጠለበት ጎንደሬ እኮ እሳቱ ያው ነው፣ መሪጌታ።»

«እሱስ ያው ነው» አሉና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ክርክራችንን ከምሳ በኋላ ከፈለግሁ እንድመለስበት ነግረውኝ በሩን ቆለፉ። እኔም የባሕር ዳር መኪና እንዳያመልጠኝ ዳገቱን በእግሬ ወረድሁ።